ያው ካርታ፣ ሌላ እጅ

ደብረ ማርቆስ ክረምት ከገባ በኋላ ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ አይለቅም። እኛም አጎቴ ቤት ተሰብስበን ካርታ እንበውዛለን። እናቴ ይህን ስትሰማ ታማትባለች፤ ለእሷ ካርታ ማለት ቁማር ነው፣ ቁማር ማለት ደግሞ የተሸጠ በሬ። ስለዚህ የምንጫወተው በብር ሳይሆን በሽምብራ ነው። እያንዳንዱ 50 ፍሬ ይዞ ይገባል፣ መጨረሻ የወጣ ሲኒ ያጥባል። (አንዳንዱ የያዘውን ሽምብራ እየቆረጠመ ይከስራል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ፖከር የለመድነው ከዩቲዩብ ነው። ባለፈው የአጎቴ ልጅ ስልኳን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ አገር ለአገር የሚገጥሙበትን የቴሌቪዥን ውድድር ከፈተችልን። አጎቴ ጋቢውን እየሰበሰበ መጣና "ኢትዮጵያ የለችበትም?" አለ። የለችም ጋሼ። "እንግዲያ ማንን ልደግፍ ነው?" አለና ትንሽ አስቦ ጀርመንን መረጠ፣ ለምን ቢባል የድሮው የሰፈር ወፍጮ የጀርመን ስለነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በካሜራው ምክንያት ነው። እኛ በምናየው የፖከር ዓይነት ለእያንዳንዱ ሰው 2 ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል፣ 5 ደግሞ መሀል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። የተደፋውን ካላየህ ጨዋታው ሰዎች ተቀምጠው ሲፋጠጡ ማየት ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ያስወስዳል። የተደፋውን ካርታ ለተመልካች የሚያሳየውን ካሜራ የፈለሰፈው ሄንሪ ኦረንስታይን ነው፤ ከናዚ ማጎሪያ ተርፎ አሜሪካ የገባና በአሻንጉሊት ሥራ የከበረ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዙ ቻናል 4 ጠረጴዛው ላይ መስታወት ገጥሞ ከሥር እየቀረጸ ማሳየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ተቀምጠን ባዶ እጁን የሚያስፈራራውን ሰው እያየን "ውሸቱን ነው፣ አትፍራው!" እያልን እንጮኻለን።

ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። በሩጫ ቢሆን የቀደመ ቀደመ ነው። በፖከር ግን ከሁሉም የሚበልጠውን ሁለት አስ ይዘህ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ያለህን ሁሉ ብታስይዝ እንኳ ከ5 ጊዜ አንዱን ገደማ ትሸነፋለህ። ሁለት አስ የሚደርስህ ደግሞ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው። ታዲያ በአንድ ቀን ካርታ አገር ከአገር ይበልጣል እንዴት ይባላል?

ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ላይ፣ ያ ወንዝ ዳር ያለው ሰው የሚሳፈርበት ትልቅ ተሽከርካሪ ጎማ (ለንደን አይ) ውስጥ፣ አገሮች በሌላ ዘዴ ገጠሙ። በየጠረጴዛው የሚታደለው ካርታ አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ጠረጴዛ 3ኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የደረሰው ካርታ፣ እዚያኛውም ጠረጴዛ 3ኛው ወንበር ላይ ላለው ይደርሳል። የአንድ አገር ልጆች በተለያየ ወንበር ይበተናሉ፤ ከዚያ የሚታየው በያው ካርታ ማን ምን ሠራበት የሚለው ነው። አሪፍ ነው!

እኛም ሞከርነው። አራታችን ሳሎን፣ አራቱ ጓዳ። ታናሽ ወንድሜ ሳይጫወት በየዙሩ ሁለተኛውን ካርታ እንደ መጀመሪያው እየደረደረ ሲያመላልስ ዋለ፣ ልጁ አለቀ። የጠፋችውን የልብ 7 በወፍራም ካርቶን ቆርጠን ተክተናት ስለነበር ማን እንደያዛት ከሩቅ ይታወቃል፣ ይሁን ብለን አለፍነው።

እኔ ሳሎን 3ኛው ወንበር ነበርኩ፣ የአጎቴ ልጅ ጓዳ 3ኛው። በ2ኛው ዙር ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወዲያው 20 ሽምብራ ወረወርኩ፣ ሁሉም ፊቴን አይቶ ካርታውን ጣለ። ያገኘሁት 3 ፍሬ ነው። እሷ በዚያው ሁለት ንጉሥ፣ እየተነጫነጨች፣ አሁንም እጄ መጥፎ ነው እያለች፣ በ2 በ2 እያስያዘች 31 ሰበሰበች። ከ6 ዙር በኋላ ስንቆጥር እኔ ጋ 22 ፍሬ፣ እሷ ጋ 74።

ድሮ ብሆን "ዕድሌ ነው" ብዬ እገላገል ነበር። አጎቴ ሁለቱን ክምር አይቶ፣ ከእሷ ክምር አንድ ሽምብራ አንስቶ ቆረጠመና፣ "አንተ፣ ዛሬስ ማንን ልታማ ነው?" አለኝ።

ሲኒዎቹ 9 ነበሩ።