ጅራታም ኮከብ

መስከረም 16 ለ17፣ 2015፤ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ፀጉሬም ትራሴም ጭስ ጭስ ይሸታል።

ጥፋቱ የእነዚያ የለንደን ልጆች ነው። «ዘ ኮሜት ኢዝ ካሚንግ» አርብ ዕለት አዲስ አልበም አወጡ፤ በበዓል ግርግር ጊዜ ስላጣሁ ማታ ወደ ሰፈሩ ደመራ ስወጣ በአንድ ጆሮዬ ሰክቼው ወጣሁ። (አዎ፣ ደመራ ላይ ኢርፎን። ከዚህ የባሰም አይታችሁብኛል።) አልበሙ «ሃይፐር-ዳይሜንሽናል ኤክስፓንሽን ቢም» ይባላል፤ ለወንድሜ ልነግረው ሁለቴ ሞክሬ ተውኩት። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ሲንተሳይዘር፣ ሳክስፎኑን ደግሞ ከኛው ሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተጫወተው ሻባካ ሃቺንግስ። ሻባካ ዜማ አያስረዝምም። አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይደጋግማታል፣ ልክ ንጋት ላይ ሰፈሩን እየዞረ የሰው ሞት እንደሚያረዳ የዕድር ጥሩምባ ነፊ።

ስማቸው እኮ «ጅራታም ኮከብ እየመጣ ነው» ማለት ነው። በኛ ቤት ለባንድ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ልጅ ጠበል ይወሰዳል።

እማዬ እኔን ያረገዘችው የሃሌይ ኮከብ በመጣበት ዓመት ነው፣ በ1978። ጅራታም ኮከብ ከታየ ወይ ጦር ወይ ረሃብ ነው ይባል የለ? ወሎ ላይ ግን ሰባ ሰባት አልፎ ነበር። «ሰው ካለቀ በኋላ ምን ሊል መጣ?» ትላለች እስከ ዛሬ፣ ከቀብር በኋላ ብቅ እንዳለ ዘመድ ተቀይማው። ከዚያ ዞራ እኔን ታየኛለች። «ምናልባት ስላንተ ሊነግረን ይሆናል።»

ሂሳብ ውስጥ ገባሁ። በ76 ዓመት አንዴ ነው የሚመላለሰው፤ ቀጥሎ ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 2053። ያኔ 75 ዓመቴ ነው። ሐምሌ! አዲስ አበባ ሰማይ የሚባል ነገር በማይታይበት ወር! ዕድሜ ልኬን ጠብቄ ደመና ሊጋርድብኝ።

እንዲህ ስገላበጥ ነው የናሳን ነገር ስልኬ ላይ ያየሁት። ከኛ 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች፣ 160 ሜትር ገደማ የምትሆን ዲሞርፎስ የምትባል አለት አለች። ዳርት የምትባል መንኮራኩር በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር እየከነፈች ሄዳ ትላተማታለች፤ ከመንገዷ ፈቀቅ ትል እንደሆን ለማየት። ሌሊት 8 ሰዓት ከ14 ላይ ነበር። አለቷ መጀመሪያ ነጥብ ነበረች፤ ከዚያ ድንች አከለች፤ ከዚያ ላይዋ ላይ ያሉት ድንጋዮች አንድ በአንድ ታዩ፤ በመጨረሻ ቁራጭ ሥዕል መጣና የቀረው ቀይ ሆነ። ሰዎቹ እየዘለሉ ተቃቀፉ። እኛ «ምን ልታመጣብን ይሆን» እያልን የምናንጋጥጠውን ሰማይ እነሱ ቀድመው ወገሩት።

ለእማዬ ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ ሳስብ ሌላው ነገር ትዝ አለኝ።

ማታ ከደሴ ደውላ ነበር። ከሰላምታው በፊት «ወዴት ወደቀ?» አለችኝ። ዘንድሮ ወሎ ላለ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። «ወደ ምሥራቅ» አልኳት። «ተመስገን» አለች፣ ረዘም አድርጋ።

ሲወድቅ አላየሁም። ሳክስፎኑ ሲጮህ ድምፁን ልጨምር አጎንብሼ ነበር፤ ቀና ስል ሰዉ እልል ይላል፣ ምሰሶው መሬት ላይ ነው፣ ፍንጣሪው እየበረረ ነው። ከየት ወዴት እንደሆነ እንጃ። አልበሙም ሲያልቅ አልሰማሁትም።

ሲነጋ ሰዉ አመዱን ግንባሩ ላይ ሊቀባ ሳይወጣ ቀድሜ ሄጄ ከሰሉ ወዴት እንደተዘረረ ልይ? ምሥራቅ ካልሆነስ፣ ደውዬ ላርም?