52 ሚሊሜትር
ዛሬ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጎንደር ፒያሳ ላይ አሳለፍኩት። የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ኮምፒውተሬ ሥራ ሲበዛበት የፕሮሰሰሩ ሙቀት 92 ዲግሪ እየደረሰ ይንቀራፈፍ ነበር፤ ስለዚህ ማራገቢያውን በፈሳሽ ማቀዝቀዣ ልቀይረው ቆርጬ ወጣሁ።

ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ባለ 240 ሚሊሜትሩን፣ ሁለት ባለ 120 ማራገቢያ ጎን ለጎን የሚይዘውን ነው። ያምራል! የእኔ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ግን ትንሽ ነው፤ ከኋላው አንድ ባለ 120 ማራገቢያ ብቻ ይይዛል። ያለ ፈሳሽ በማራገቢያ ብቻ የሚሠራው ረጅሙ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣም በዋጋው ይሻለኝ ነበር፤ የኬዙ ክዳን አይዘጋም እንጂ። ባለ 120ውን ራዲያተር፣ ማለትም ፈሳሹ ሙቀቱን ለአየር የሚሰጥበትን ክፍል፣ በሜትር ለካሁት፦ ውፍረቱ 27፣ ከማራገቢያው 25 ጋር 52 ሚሊሜትር። እህቴ ጋ ደውዬ ከኬዙ የኋላ ግድግዳ ጀምሮ ያለውን ባዶ ቦታ በማስመሪያ ለክታ «60 አለው ወንድሜ» ስትለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማራገቢያ የሚጠርገው ሙቀትም ያንሳል። ፈሳሹ ሙቀቱን ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል እንጂ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ያው አየር ነው፤ ለዚህ ነው ጥሩ ማራገቢያ ያለውን አጥብቄ የፈለግሁት።

ማታ ገጠምኩት። ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስተላልፈውን አሮጌ የደረቀ ቅባት በአልኮል ጠርጌ አዲሱን የአተር ፍሬ ታህል ጠብ አደረግሁ። የራዲያተሩ አናት ፈሳሹን ከሚያዘዋውረው ፓምፕ ከፍ እንዲል ደግሞ ሁለቴ አረጋገጥኩ፤ የአየር አረፋ ፓምፑ ውስጥ ከተጠራቀመ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የእሑዱ ሠርግ ቪዲዮ አሁን እየተቀናበረ ነው። 71 ዲግሪ።