ኮሂባ ቤሂኬ 52፦ ሙቀቱን እየተቆጣጠርኩ የማጣጥምበት መንገድ

ኮሂባ ቤሂኬ 52 አጭርና ወፍራም የኩባ ሲጋር ነው። ርዝመቱ 119 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 52 ሪንግ ነው፤ አንድ ሪንግ የኢንች 1/64ኛ ስለሆነ ወደ 20.6 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከሌሎቹ ኮሂባዎች የሚለየው ግን መጠኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው ሜድዮ ቲየምፖ የሚባል ቅጠል ነው። ብርቅ ያደረገው እሱ ነው፤ ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው፣ የሚያበላሸውም ሙቀት። ስለዚህ ከአቀማመጡ ጀምሮ እስከ አሳሳቡ ድረስ የማደርገው ሁሉ ሲጋሩ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲነድ ለማድረግ ነው።

በኩባ በጸሐይ የሚበቅል የትምባሆ ተክል ቅጠሉ እንደ ቦታው ይለያያል። ከታች ያለው ቦላዶ ቀላል ነው፣ እሳት በደንብ ይይዛል። መሃል ያለው ሴኮ ጠረን ይሰጣል። ከላይ ያለው ሊሄሮ ብዙ ጸሐይ ስለሚያገኝ ወፍራም፣ ቅባታምና ኃይለኛ ነው። ከሊሄሮም በላይ፣ በአንዳንድ ተክሎች ጫፍ ላይ ብቻ፣ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ሜድዮ ቲየምፖ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ቅጠሉ የሚመጣው ከፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ፣ ቡዌልታ አባሆ ከሚባለው የትምባሆ ምድር ነው። ኮሂባ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለመንግሥት ሰዎችና ለዲፕሎማቶች ስጦታ ነበር፣ ገበያ ላይ የወጣው በ1982 ነው። 52፣ 54 እና 56 የተባሉት ቤሂኬዎች ደግሞ በ2010 ወጡ። ቅጠሉ ቅባታም በመሆኑ በዝግታ ሲነድ ጣፋጭ ጠረን ያወጣል፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን ያው ቅባት አርሮ ምላስ ላይ የሚጎመዝዝ ነገር ይተዋል። ያን ጊዜ ውዱን ከርካሹ መለየት አይቻልም።

ሐሰተኛው ብዙ ስለሆነ ከመግዛቴ በፊት ሳጥኑን በደንብ አያለሁ። ትክክለኛው 10 ሲጋር በሚይዝ፣ በሚያብረቀርቅ ጥቁር ሳጥን ይመጣል። ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሳጥን ካዩ ዋጋ እንኳ አይጠይቁ። ከሳጥኑ ሥር የአምራቹ ማኅተም፣ የፋብሪካው ኮድ፣ የታሸገበት ወርና ዓመት ይኖራል፤ በዋስትና ማኅተሙ ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ የኩባን ሲጋር ለዓለም በሚሸጠው ኩባንያ፣ በሃባኖስ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይቻላል። የሲጋሩ ቀለበት ሆሎግራም ስላለው ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት መልኩ ይቀያየራል፤ በሐሰተኞቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማይለወጥ የወርቅ ቀለም ብቻ ነው። ሃቫና መንገድ ላይ «ዘመዴ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል» እያለ በርካሽ ከሚያቀርብ ሰው አልገዛም። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላሉ ወገኖች ዱባይ ያለው ላ ካሳ ዴል ሃባኖ የተባለው የኩባ ሲጋር ሱቅ አስተማማኝ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገደኛም ቢሆን የኩባ ትምባሆ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድለት እወቁ። የዶሚኒካኑ አርቱሮ ፉዌንቴ ኦፐስ ኤክስ ወይም የኒካራጓው ፓድሮን 1926 ሕጋዊ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያለውም አሠራር ለነሱም ይሆናል።

አሁን ወደ እርጥበቱ። ብዙ ሰው «70 በመቶ በ70 ፋራናይት» የሚለውን የድሮ ሕግ ይከተላል። ለቤሂኬ ይህ ይበዛበታል፣ እኔ የማስቀምጠው በ65 በመቶ ነው። ወፍራሙ ቅጠል እርጥበት ሲበዛበት ያብጣል፣ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፣ ሲጋሩም በሃይል ካልሳቡት አይመጣም፤ በሃይል ሲሳብ ፍሙ ይግላል። ቶሎ ቶሎ የሚጠፋውም ስለዚህ ነው። ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ቅባቱ እየተነነ ይሄዳል፣ እሳቱ ይሮጣል፣ የላይ ቅጠሉ ይሰነጠቃል።

ለ10 ሲጋር ውድ ሂውሚዶር (እርጥበት የሚጠብቅ የሲጋር ሳጥን) አያስፈልግም። አየር የማያስገባ የምግብ ዕቃ፣ 65 የተጻፈበት 60 ግራም የእርጥበት ከረጢትና አንድ ዲጂታል ሃይግሮሜትር፣ ማለትም የእርጥበት መለኪያ፣ ይበቃል። መለኪያው ከሱቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነጥብ ስለሚያዛባ አስቀድሜ በጨው እፈትነዋለሁ። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጌ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ጥቂት ጠብታ ውኃ እጨምራለሁ፤ ጨው መሟሟት የለበትም። ከመለኪያው ጋር በታሸገ ከረጢት ውስጥ 24 ሰዓት አቆየዋለሁ። 75 ማሳየት አለበት፤ 71 ካለኝ ከዚያ በኋላ በማነበው ሁሉ ላይ 4 እጨምራለሁ።

አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሳጥኑን ከፍቶ መተው ከባድ ጥፋት ነው። ሌላው ጠረን ነው። ትምባሆ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ በርበሬ፣ ኮረሪማ ወይም እጣን ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። የደረቀ ሲጋር ከደረሰኝ በአንድ ጊዜ 65 ውስጥ አልከተውም። በ58 ጀምሬ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 62፣ ከዚያ ወደ 65 አሸጋግረዋለሁ። በፍጥነት ሲረጥብ ውስጡ ያብጥና የላይ ቅጠሉ ይቀደዳል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም።

ሙቀቱ 18 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ24 ካለፈ በቅጠሉ ውስጥ ያለ የትምባሆ ነቀዝ ዕንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፤ ምልክቱ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት ነው። ከሙቅ አገር የመጣ ሲጋር ሲደርሰኝ በሁለት ፕላስቲክ አሽጌ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ሦስት ቀን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ፣ እንደገና አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆየዋለሁ። መሸጋገሪያዋ ቀን ከቀረች ቅጠሉ ይሰነጠቃል። መንገድ የቆየ ሲጋር ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ ይረፍ።

የማጨስበትን ቀን በባዶ ሆድ አልጀምርም። የሲጋር ጭስ አልካላይን ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ወደ ሳንባ መሳብ አያስፈልግም፣ መሳብም የለበትም። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ግማሽ ሳይደርስ ላብ ላብ ይለዋል፣ ያዞረዋል። ያን ጊዜ ሲጋሩን አስቀምጦ መቀመጥና ስኳር ያለው ነገር መቅመስ ነው። ወደ ሳንባ አለመሳብ ግን ጉዳቱን አያስቀርም፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አደጋው አለ። እኔ ሲጋርን አልፎ አልፎ ብቻ የማጨሰው ለዚህ ነው፤ ለሌላም ሰው ከዚያ በላይ አልመክርም።

ለመቁረጥ ባለሁለት ስለት መቁረጫ እጠቀማለሁ። የሲጋሩ ራስ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ፣ ላይ ያለውን ቆብ ስታዩ ከላይ ቅጠሉ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን መስመር አለ። ከዚያ መስመር በላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይነሣል። ቀላሉ ዘዴ መቁረጫውን ጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋው አስተኝቶ፣ ሲጋሩን ራሱን ወደ ታች አድርጎ ቀዳዳው ውስጥ አቁሞ፣ በአንድ ፈጣን እንቅስቃሴ መቁረጥ ነው፤ ጠረጴዛው ከልክ በላይ እንዳይቆረጥ ይከላከላል። መስመሩ ከታለፈ የላይ ቅጠሉ ይተረተራል። ክብ ቀዳዳ የሚበሳው መሣሪያ ለዚህ ሲጋር አይሆንም፣ ጭሱንና ሬንጁን አንድ ነጥብ ላይ ያጠራቅማል።

ከመለኮሴ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በባዶው እስበዋለሁ። እዚህ ላይ ደረቅ ሣርና ኮኮዋ ይመጣል። አየሩ በትንሽ ተቃውሞ መግባት አለበት። እንደ ክፍት ቱቦ ቀልሎ ከመጣ ይሮጣል ማለት ነው፣ ዘገም ብዬ እንድስብ ይነግረኛል። ጨርሶ ካልመጣ በጣቶቼ መሃል ቀስ እያልኩ እያሸሁ የጠበቀውን ቦታ እፈልጋለሁ፤ ካልሆነ ረጅም ቀጭን መርፌ ከራሱ በኩል ጠልቆ ያልፋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ደረቅ አየር ማግኘቱም አንዳንዴ ይፈታዋል።

ለኮሳው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቤንዚን ላይተርና ሻማ ጠረናቸውን ያስተላልፋሉ፣ ስለዚህ ቡቴን ወይም ረጅም የእንጨት ክብሪት ነው፤ ክብሪቱ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ይጠበቃል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እየፏጨ የሚነድደው የጄት ላይተር ብዙ ጊዜ አልይዝም ይላል፣ አየሩ ቀጭን ነው። የጋዙን መጠን መቀነስ ይረዳል፤ እኔ ግን ለስላሳ ነበልባል እመርጣለሁ፣ ቅጠሉንም አያሳርርም። ሲጋሩን አፌ ውስጥ ሳላደርግ በ45 ዲግሪ አዘንብዬ፣ ጫፉን ከነበልባሉ በላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር አርቄ አዞረዋለሁ። ነበልባሉ ቅጠሉን መንካት የለበትም። ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ባለው ጊዜ ዙሪያው እኩል ይጠቁራል። ከዚያ ብቻ እያዞርኩ ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ ጫፉን እፍ ብዬም ፍሙ ሙሉ ክብ መሆኑን አያለሁ። ያልቀላ ጎን ካለ አሁን ነው የሚስተካከለው፤ ኋላ ላይ በአንድ ጎን ብቻ እየነደደ የሚያስቸግረው ሲጋር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ የተቸኮለበት ነው።

አሳሳቡ በደቂቃ አንዴ፣ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ነው። ሰዓት ከማየት ይልቅ ግን ጣቴን አምናለሁ፦ ከፍሙ 3 ሴንቲ ሜትር ርቄ ስነካው ለብ ካለ ልክ ነው፣ ከሞቀ ሁለት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። ጭሱን በምላሴ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይዤ አወጣዋለሁ፤ በየአራት አምስት ጊዜው ከፊሉን ብቻ፣ ሲሶውን ያህል፣ በአፍንጫ አስወጣለሁ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ጠረን ስለሆነ ይህን ያላደረገ ሰው የቤሂኬን ግማሽ አላገኘም። መጀመሪያ ላይ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ መጠኑን መቀነስ ነው።

የጣዕም ስም ለመፈለግ አልቸኩልም። መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ መራራ ወይስ ጎምዛዛ መሆኑን እለያለሁ፤ ቀጥሎ እንጨት፣ አፈር፣ ቅመም ወይስ የተቆላ ነገር እላለሁ፤ ከዚያ ብቻ ነው ስም የምሰጠው። ፈረንሳዮች ሦስቱን ክፍሎች ድርቆሽ፣ መለኮታዊ እና ፍግ ይሏቸዋል። በዚህ ሲጋር እያንዳንዱ ክፍል ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ድርቆሽ፣ ቅቤ የነካው ለውዝና ትንሽ ማር አገኛለሁ፣ ኃይሉ ገና አልመጣም። ሁለተኛው ነው ገንዘብ የተከፈለበት። ጭሱ ይወፍራል፣ ኮኮዋና የተቆላ ቡና ይመጣል፣ በአፍንጫ ሲወጣ ደግሞ ወደ ኮረሪማ የሚጠጋ ለስላሳ ቅመም አለ፤ ምላስ ላይ የሚቀረው ረጅም ነው። እዚህ ላይ የአሳሳቤን ርቀት ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል አሰፋለሁ። ሦስተኛው አፈርና ቆዳ ነው፣ ይበረታል። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀር፣ መጎምዘዝ ሲጀምር፣ እተወዋለሁ።

አመዱን ቶሎ ቶሎ አላራግፍም። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አመድ ፍሙን ከአየር ስለሚከልለው እሳቱ ይበርዳል። ሲበቃው መተርኮሻው ጠርዝ ላይ ቀስ ብዬ አስደግፈዋለሁ፣ በራሱ ይወርዳል። ቀለበቱን የማወልቀው ሙቀቱ ሙጫውን ካላላ በኋላ ነው፤ ቀዝቃዛውን መላጥ የላይ ቅጠሉን ይቀድዳል።

አንድ ጎን ቀድሞ ከነደደ የዘገየውን ጎን ወደ ታች አድርጌ አሳርፈዋለሁ፣ አዲስ አየር ከሥር ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። ካልሆነ በላይተር የዘገየውን ጠርዝ ብቻ ነካ ማድረግ። ውስጡ እየነደደ ላዩ ከቆመ፣ የላይ ቅጠሉ እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ አመዱን አራግፎ ዙሪያውን እንደገና ማሞቅ ያስፈልጋል። ከጠፋ አመዱን አራግፌ፣ ነበልባል አስጠግቼ በሲጋሩ ውስጥ ወደ ውጭ እነፋለሁ፣ የታመቀው ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ እለኩሳለሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ጣዕሙ ይመለሳል። በማግስቱ የተለኮሰ ቤሂኬ ግን የመተርኮሻ ጣዕም ነው ያለው።

መጠጥን በተመለከተ አምቦ ውኃ የሚያህል አላገኘሁም፣ ምላስ ላይ የተቀመጠውን ቅባት ያጥባል። ስኳር የሌለው ቡና ከሁለተኛው ክፍል ጋር ይስማማል፤ ጎምዘዝ የሚል የይርጋጨፌ ቡና ግን ማሩን ይሸፍነዋል፣ የሐረሩ ይሻላል። አረቄና ውስኪ ላንቃን ስለሚያደነዝዙ ለመጀመሪያ ቅምሻ አላስጠጋቸውም።

ቦታውም ይታሰብበት። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በቤት ውስጥ ባሉ ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ቦታዎችና በሥራ ቦታ ማጨስ የተከለከለ ነው። የራስ ግቢ፣ ልጆች የሌሉበት፣ ነፋስ የማይመታው ጥግ ነው የሚሻለው፤ ነፋስ ፍሙን እያራገበ ሲጋሩን ያሞቀዋል። ሲያበቃ መተርኮስ አያስፈልግም፣ መተርኮሻው ላይ ሲተዉት በጥቂት ደቂቃ ራሱ ይጠፋል፤ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ሽታ ነው መጥፎው። መጥፋቱን አረጋግጬ ቁራጩን ከቤት አወጣለሁ። በሳጥኑ ክዳን ውስጥ በማስቀምጣት ወረቀት ላይ ቀኑን፣ እርጥበቱንና የየክፍሉን አንዳንድ መስመር እጽፍና የቀሩትን መልሼ አሽጋለሁ፤ የሚቀጥለውን ከስድስት ወር በፊት አልነካም።