የወንድሜ ስም

ሐሙስ ማታ

ሲኞራዬ ተኝታለች። የኩሽናውን መብራት ቀነስ አድርጌ ነው የምጽፈው። ዛሬ ሳልጽፈው ካደርኩ ነገ ግማሹ ይጠፋብኛል።

እዚህ ሮማ ፊሳ የምንሠራ፣ ማለትም አሠሪዎቻችን ቤት የምናድር ሴቶች፣ የራሳችን የምንለው ቀን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ሴት አይጠፋም። እኔም ከአስመራዋ ጓደኛዬ ጋር የምገናኘው እዚያው ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ "ጓለይ" (ልጄ፣ በትግርኛ) ነው የምትለኝ። አማርኛውን በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፤ እኔ ተሳስቼ ስናገር ታርመኛለች፣ ይኼ ሁልጊዜ ያስቀናኛል።

ወንድሜ አሉላ ከአዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነዘንዘኝ ነበር። "የዶጋሊን ሐውልት ሄደሽ ፎቶ አንሺልኝ።" ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ "ፒያሳ ዴይ ቺንኵዌቼንቶ"፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስንት ዓመት እዚያ አውቶቡስ ጠብቄያለሁ! አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ቺንኵዌቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያት ናት ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ወንድሜ የስሙን ባለቤት ሲፈልግ እኔ በየሳምንቱ እየረገጥኩት አልፋለሁ። አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1887 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ምፅዋ አጠገብ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ከብቦ የደመሰሳቸው፣ የጣሊያኑ ሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ወታደሮች ናቸው። ሰማንያ ያህል ቁስለኞች ብቻ ናቸው የተረፉት።

ሐውልቱ ራሱ አሁን አደባባዩ ላይ የለም፤ በኋላ ትንሽ ራቅ ወዳለው የዛፍ ጥላ አዛውረውታል። መጀመሪያ ላይ ያገሬ ሰው ብዙ ጊዜ ከአክሱሙ ጋር ያምታታዋል፤ ወንድሜም አምታቶት ነበር። የአክሱሙ በ1937 ተወስዶ ሌላ ቦታ ቆሞ ነበር፣ በ2005 አገሩ ገብቷል። ይኼኛው የግብፅ ነው፣ የፈርዖን ራምሴስ። ጣሊያኖቹ ሮማ ውስጥ ከመሬት ሲቆፍሩ አግኝተውት፣ ዶጋሊ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲደርስ ለሟቾቻቸው መታሰቢያ አደረጉት። የሦስት ሺህ ዓመት ድንጋይ ላይ የአንድ ጠዋት ሽንፈት! እግሩ ላይ "ለዶጋሊ ጀግኖች" ይላል፣ የሟቾቹም ስም በዝርዝር አለ።

ከሥሩ ቆሜ ስሞቹን አንድ በአንድ ሳነብ ጓደኛዬ ብርቱካን እየላጠች አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

"ምን ትፈልጊበታለሽ?"

"ወንድሜ ነው የላከኝ። ስሙ አሉላ ነው።"

መላጧን አቆመች። "ወንድምሽ፣ አሉላ?" አለችና ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ክፋት የለውም፣ ግን ደስታም የለውም።

ታሪኩን ነገርኳት። ወንድሜ የተወለደው በ1987 ነው፣ የዶጋሊ መቶኛ ዓመት አዲስ አበባና አስመራ ላይ በጉባኤ ሲታሰብ። አባቴ የምንጃር ሰው ነው፣ አስተማሪ ነበር። ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲሰማ ሰንብቶ፣ እናቴ የመረጠችውን ስም ሰርዞ አሉላ አለው። ልጆች ሳለን አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ ነበር የሚያስቆጥረን፦ ጉንደት፣ ጉራዕ፣ ኩፊት፣ ዶጋሊ፣ ዓድዋ። አውራ ጣቱን ሲያጥፍ ግብፅ በ1875፣ ሁለተኛውን ሲያጥፍ እንደገና ግብፅ በ1876፣ መካከለኛው ላይ የሱዳን መሐዲስቶች በ1885፣ ከዚያ ጣሊያን፣ ትንሿ ጣት ላይ ደግሞ እንደገና ጣሊያን። አምስቱ ሲታጠፉ ጡጫ ይሆናል። ያንን ጡጫ አየር ላይ ሲያወዛውዝ ይታየኛል።

ስለ ራስ አሉላ ልጅነትም አባቴ የሚያወራው ነበረው። የተምቤን ገበሬ ልጅ፣ የእንግዳ ቁቢ ልጅ፣ ከእኩዮቹ ጋር መንገድ ላይ ይጫወት ነበር ይባላል። የሰርግ ዳቦ በመሶብ የተሸከሙ ሰዎች ሲያልፉ ልጆቹ አስቁመው "ወዴት ናችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሰዎቹም ለማላገጥ "ወደ ራስ አሉላ ወዲ ቁቢ ግንብ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ "ራስ አሉላ" እያለ ያሾፍበት ጀመር፣ ሹፈቱም እውነት ሆነ። ይህን ሲጨርስ አባቴ ወንድሜን አይቶ "አየህ?" ይለው ነበር። ወንድሜ እስከ ዛሬ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ግን ይኼን ታሪክ እንደ ማዕረግ ነው የያዘው።

ጓደኛዬ ብርቱካኑን ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። "እኔ የምታውቂው ሐማሴን ነው ያደግኩት" አለች። "አያቴ ስለ አሉላ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፣ እንደ ሕመም ስም። የኛ ራስ ወልደሚካኤል እርቅ ብሎ ገብቶ በ1879 ማን አሠረው? አሉላ! ደጃዝማች ባህታ ሓጎስን ታውቂዋለሽ?"

አውቀዋለሁ፣ ግን ትንሽ ነው። በ1894 ጣሊያኖች የገበሬውን መሬት ሲወስዱ ያመፀባቸው ጀግና።

"እሱ ራሱ ነዋ ከአሉላ ሸሽቶ ከጣሊያን ጋር የገባው። መጀመሪያ ማን አስገባው ወደ ጣሊያን? እናንተ ጣቶቻችሁን ስትቆጥሩ እኛ ደግሞ ከብቶቻችንን እንቆጥር ነበር።"

ስቀን ዝም አልን። ከዚያ ከኔ ይልቅ እሷ ከበዳት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ስለ ባሬንቱ ጀመረች። ትምህርት ቤት አብራት የተማረች የኩናማ ልጅ ነበረች። የዚያች ልጅ ቤተሰብ ዘንድ የአሉላ ስም የሚነሣው ከዶጋሊ ጋር አይደለም። ከዶጋሊ ጥቂት ወራት ቀድሞ በ1886 አሉላ በኩናማና በናራ አገር ዘምቶ ነበር። መንደር ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ጓደኛዬ ስትናገር ብርቱካኑን መብላት ትታ ነበር። እኔ ይኼን መጀመሪያ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ ሳነብ ነው። አባቴ ይወቅ አይወቅ አላውቅም፤ ጣቱ ላይ ግን አልነበረም።

ለነገሩ አባቴ ሰሓጢንም አልነገረንም። ከዶጋሊ አንድ ቀን ቀድሞ አሉላ ጣሊያኖች የያዙትን የሰሓጢን ምሽግ አጥቅቶ ተመልሷል፤ ምሽጉ አልተሰበረለትም፣ ሰውም አልቆበታል። ድሉ የመጣው ማግስቱን ለምሽጉ ደራሽ ሆኖ የመጣውን ጦር መንገድ ላይ ሲያገኘው ነው። እኔን ይኼ የበለጠ ያስገርመኛል። አንድ ቀን ተሸንፎ ማግስቱን እንደገና የሚነሣ ሰው ከማይሸነፈው ይልቅ ይገባኛል። ሽንፈቱን መደበቅ ለምን እንዳስፈለገ ግን አይገባኝም።

እሷን ግን መከራከሬ አልቀረም። "ጣሊያን ምፅዋ ላይ በ1885 ሲወርድ ማን ጠራው? እንግሊዝ ናት ያስገባችው" አልኳት። "አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፣ ከአፄ ዮሐንስ ጋር በተዋዋለችው በሂዌት ውል ምፅዋ ላይ ንግድ በነፃ ይገባል ይወጣል ብላ የፈረመችው እሷ ናት። አሉላ በውሉ የገባውን አደረገ፤ በመሐዲስቶች ከበባ ውስጥ ለገባው ለግብፅ ጦር ደራሽ ለመሆን እስከ ኩፊት ሄደ፣ እነ ብላታ ገብሩን እዚያ ቀበረ። ሲመለስ ጣሊያን ደጁ ላይ ነበር። ምን ያድርግ?"

"አላልኩም እኮ" አለች። "ጣሊያንን ስለመታው አልከሰውም። አስመራንም ከተማ ያደረጋት እሱ ነው፤ በ1884 መቀመጫውን እዚያ ባያደርግ እኔ ዛሬ የገጠር ልጅ ነበርኩ።" እንደገና ሳቀች፣ አሁን ሳቁ የተለመደው ነበር። "ግን ወንድሜን አሉላ ብዬ አልጠራውም።"

ትዝ ያለኝን አንድ ነገር ነገርኳት። አሉላ ጣሊያኖቹ ሰሓጢ ላይ እንዲቀመጡ እንዲፈቅድ ሲለመን፣ እኔም ሮማ ላይ ገዥ ሆኜ ከተሾምኩ ይቀመጡ ብሎ ነበር ይባላል። ሁለታችንም አደባባዩን አየን። አውቶቡሶቹ፣ የሻንጣ ጎማ ጩኸት፣ ካርቶን ላይ የተኛ ሰው። "ሮማንማ እኛ ገዛናት" አለች ጓደኛዬ፣ "በሰዓት ስንት እንደሚከፍሉን ግን አሉላ ይወቅልን።"

በ1937 ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የነቀሉትን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው ያቆሙት ከዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ሃምሳ ዓመት ቂም ይዘው ቆይተው ማለት ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሷል። ቦታውን ፈልጌ ምልክት አጣሁ፤ ሣር ብቻ ነው።

ወንድሜ ስለ ስሙ የሚያወራው ሌላም አለው፣ እሱን ለጓደኛዬ አልነገርኳትም። በ2021 ጦርነቱ ሲጋጋል የትግራይ ኃይሎች ዘመቻቸውን በአሉላ ስም ጠሩት። በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ መታወቂያውን ያዩ ሰዎች "አሉላ? አገርህ የት ነው?" ብለው ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አቆሙት። ምንጃር ሲላቸው አላመኑትም። አባቴ ሲሰማ ምንም አልተናገረም፣ ጣቶቹንም አልቆጠረም። መቐለ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በዚያው ስም ሰው መንገድ ላይ ይቆማል። እኔ ስልኩን ይዤ እዚህ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። ያ ባለ ስሙ ሰውዬ፣ ራስ አሉላ፣ ለአፄ ዮሐንስ ሠራ፣ በኋላ ለምኒልክ ገብቶ ዓድዋ ተሰለፈ። ዓድዋ ላይ ፈረሰኛ ጨምሩልኝና የሸሸውን ላሳድደው ብሎ ተከለከለ የሚሉ አሉ፤ በየቤቱ ሁለት ቢራ ካለፈ በኋላ የሚነሣው ጠብ ይኼ ነው። ያንን ሁሉ አልፎ ዓድዋን ካሸነፈ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1897፣ ከጣሊያን ጋር ሳይሆን ካገሩ ከተምቤን ሰው ከራስ ሐጎስ ጋር ተጣልቶ በተተኮሰበት ጥይት ሞተ። መቃብሩ አባ ገሪማ ገዳም ነው። ስሙን የሚሻሙት ሁሉ ስንቶቹ እዚያ ሄደው ይሆን? እኔም አልሄድኩም።

ሰዓቱ ሲደርስ (ሲኞራዬ ማታ በአንድ ሰዓት ተኩል እራቷን ካልበላች ትቆጣለች) ፎቶውን ማንሣት ነበረብኝ። ሐውልቱ ብቻውን ስንት እንደሚያክል አይታይም። "እስኪ አጠገቡ ቁሚልኝ" አልኳት።

"ኧረ እኔ ከነዚህም ጋር አልቆምም፣ ከሱም ጋር አልቆምም።"

"ለመጠን ነው።"

ትንሽ አሰበችና ሄዳ ቆመች፤ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፊቷን ወደ ስሞቹ አዙራ። አንድ ብቻ አነሣሁና በሩጫ ወደ አውቶቡሱ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ላክሁለት። እራት እያቀረብኩ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ በድምፅ ነው የመለሰው፤ አጠገቡ አባቴ ሲያስል ይሰማል።

"ምነው ይኼን ያህል ነው እንዴ! እኔ ትልቅ መስሎኝ። ጀርባዋን የሰጠችው ማናት?"

የአስመራ ጓደኛዬ ናት፣ ስምህን አልወደደችውም ብዬ ጻፍኩለት። ብዙ ቆየ። ከዚያ፦ "ያወጣልኝ አባዬ ነው፣ እኔ የለሁበትም በያት።"