አመቱን ለ12 ማካፈል ይቅርብን

ሐምሌ በመጣ ቁጥር "እስቲ ይሄን የስራ እቅድ እየው" እየተባለ ኤክሴል በቴሌግራም ይላክልኛል፣ ከጓደኛ፣ ከጓደኛ ጓደኛ፣ አንዳንዴ ከማላውቀው ሰው ሁሉ። ከፍቼ ሳየው ብዙው አንድ አይነት ነው፣ የአመቱ ሽያጭ ላይ አንድ ደስ የሚል ቁጥር ይጻፍና ለ12 ይካፈላል በቃ። ሐምሌም ያው፣ ጥርም ያው፣ ሚያዝያም ያው። ጳጉሜማ ጭራሽ የለችም። ከዛ ጥቅምት ላይ "እቅዱን 60 ፐርሰንት ነው ያሳካነው" ተብሎ ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው ይቆጣል፣ ሽያጭ ክፍል ላይ ጣት ይቀሰራል፣ ጥቅምት ላይ ድሮም ስራ ቀዝቃዛ መሆኑን ግን በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳን ያውቀዋል።

እኔ የምሰራው ማተሚያ ቤት ነው፣ አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ብዙም ሳንርቅ፣ እንደነሱ ትልቅ አይደለንም ግን ወረቀት አናጣም። ወረቀት ላይ ኦፕሬሽን ማናጀር ነኝ፣ መሬት ላይ ግን የትኛው ስራ ቀድሞ ማሽን ላይ ይውጣ፣ ወረቀቱ ከየት ይምጣ፣ ዛሬ ማን ያመሻል የሚለውን ስወስን ነው የምውለው። ስለዚህ የምጽፈው ከዚሁ ተነስቼ ነው፣ ምግብ ቤት ያለውም ልብስ የሚያሰፋውም ለራሱ ይመንዝረው።

መጀመሪያ የማደርገው ነገር የኛን አመት ትቼ የደንበኞቹን አመት መቁጠር ነው፣ ምክንያቱም የሁሉም አመት አንድ ቀን ላይ አያልቅም። የመንግስት መስሪያ ቤት በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ እና አመቱን ሙሉ ድምጹ ያልተሰማ ግዢ ክፍል ግንቦት መጨረሻ ላይ ነፍስ ይዘራና ብሮሸር፣ ሪፖርት፣ ባነር፣ ፎልደር ሁሉንም በአንዴ "በጀት ሳይዘጋብን" ይልሃል። እዚህ ጋ ማተም ብቻውን ምንም አይደለም፣ እቃው ንብረት ክፍላቸው ገብቶ ሞዴል 19፣ ማለትም የእቃ መረከቢያ ደረሰኙ፣ ካልተቆረጠልህ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት አመት ይንከባለላል፣ ከዛ በኋላ ደብዳቤ ይዘህ መመላለስ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ሰኔ የሚያልቀው በ20 ነው፣ ቦርዱ ላይም እንደዛ ነው የሚጻፈው። ሳይረሳ፣ የራሳችንም ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ማለትም ስቶክ ቆጠራና የአመቱ ትልቁ ግርግር እላያችን ላይ አብረው ነው የሚወድቁት፣ ሰኔና ሰኞ ማለት ይሄ ነው።

ኤንጂኦዎቹ ብዙዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄዱ የነሱ ሩጫ ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው። ለመስከረም 1 ካላንደር የሚፈልገው ነጋዴና ማህበር ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው ትዝ የሚለው፣ ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹም የመመዝገቢያ ፎርምና ሪፖርት ካርድ ይዘው የሚመጡበት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ሰርግ ነው፣ ቀኑ ስለሚንቀሳቀስ። ሁዳዴ ላይ አይሰረግም፣ ስለዚህ የጥሪ ካርድ ስራ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ይጦፋል፣ ከዛ ጭጭ ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይመጣል። ፋሲካ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው፣ በ2019 ግን ሚያዝያ 24 ነው የሚውለው። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ መግቢያውም ከየካቲት 9 ወደ የካቲት 29 ተገፋ ማለት ነው። ሃያ ቀን ቀላል አይደለም እኮ! ከጥምቀት በኋላ ያለው የሰርግ ጊዜ በሃያ ቀን ይረዝማል፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ደግሞ ወደ ግንቦት ይገባና ከላይ ካልኩት የበጀት መዝጊያ ጋር ይላተማል። ያምናውን ኤክሴል ገልብጦ አስር ፐርሰንት የጨመረ ሰው ይሄ መቼም አይታየውም፣ ግንቦት ላይ ሙሽራዋ ስልክ ላይ ስታለቅስ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ አቅም። ብዙ ሰው እቅድ ሲያወጣ ትልቁን ማሽኑን አይቶ ነው። "ሃይደልበርግ አለን፣ በሰዓት 8,000 ያትማል" ይልሃል። አዎ ጂቲኦው፣ ማለትም ያለን የሃይደልበርግ ሞዴል፣ ላይ የተጻፈው 8,000 ነው፣ ኦፕሬተሩ ግን በጤናው 5,000 አካባቢ ነው የሚነዳው፣ ይሁን። ግን ደንበኛው የሚረከበው የታተመ ሺት፣ ማለትም ገና ያልተቆረጠ ትልቅ ወረቀት፣ አይደለም፣ የተጠረዘ ካላንደር ነው። አንድ ምሳሌ በደንብ ላስላው። 3,000 የጠረጴዛ ካላንደር ታዘዘ እንበል፣ እያንዳንዱ 14 ቅጠል። 42,000 ቅጠል ነው፣ አንድ ሺት ላይ አራት ቢያርፍ 10,500 ሺት፣ ፊትና ጀርባ ሲመታ 21,000 ምት። አራት ከለር በአንዴ በሚመታ ማሽን ሩጫው አራት ሰዓት ከምናምን ነው፣ ፕሌት፣ ማለትም ምስሉ ያለበትን ቆርቆሮ፣ መቀየሩና ከለር ማስተካከሉ ሲጨመር አንድ የስራ ቀን በለው። ቀጥሎ ቆረጣ አለ፣ እሱም ደህና ነው። ከዛ ሽቦ ጥረዛ። ቅጠሎቹን በቅደም ተከተል መደርደር፣ መብሳት፣ ሽቦውን ማስገባት፣ መጭመቅ፣ አንድ የለመደ ሰው በሰዓት 60 ቢያወጣ ጎበዝ ነው። 3,000ው 50 ሰዓት ይወስዳል። በአንድ ቀን የታተመውን ለመጠረዝ አንድ ሰው ከሳምንት በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የቤቱ አቅም ይሄ ነው እንግዲህ፣ 8,000 ሳይሆን 60። ማተሚያው የፈለገ ቢሮጥ ጥረዛ ክፍል በር ላይ ክምር ነው የሚሰራው፣ ክምሩ ደግሞ መተላለፊያ ይዘጋል፣ ይቆሽሻል፣ ቅጠል ይጠፋል፣ "የሚያዝያ ገጽ የለውም" የሚል ስልክ ይደወልልሃል።

ጥረዛ ክፍሉን የምትመራ አንዲት እህታችን አለች፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት፣ ነሐሴ ላይ መብራት ሄዶ ማተሚያው ሲቆም ሁሉም ሲበሳጭ እሷ ብቻ "እሰይ! ዛሬ እንኳን እደርስባቸዋለሁ" ትላለች። አቅማችን የት ጋ እንዳለቀ ከዚህ በላይ የሚነግረኝ ሪፖርት አላየሁም።

እና ነሐሴን የምናቅደው ከእትዬ ጠረጴዛ ተነስተን ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ መደበኛው የስራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው፣ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ሰው ቢበዛ በሳምንት 60 ሰዓት ነው። ሁለት ጠራዥ ካለህ በአራት ሳምንት 480 ሰዓት አለህ። አስር እንደዚህ አይነት ትዕዛዝ ከመጣ 500 ሰዓት ይፈልጋል። አስረኛው አይገባም ማለት ነው፣ ዘጠኙም ማንም ሳይታመም፣ ለቅሶ ሳይሄድ፣ ፍልሰታን ሱባኤ ልግባ ሳይል ነው። ለኔ እቅድ ማለት ይሄ ነው፣ ስንተኛው ትዕዛዝ ላይ "አይ ዘንድሮ አንችልም" እንደምንል ሐምሌ ላይ ቁጭ ብለን መስማማት። ካልተስማማን ከአስረኛውም ከአስራ አንደኛውም ቅድሚያ ክፍያ እንቀበላለን፣ ከዛ የሁሉም ይዘገያል፣ መስከረም 5 ላይ የደረሰ ካላንደር ደግሞ ለማን ይሰጣል?

እምቢ ማለት ብቸኛው መንገድ አይደለም በርግጥ። ሐምሌ ላይ ለሚያዝ ደንበኛ ዋጋ እንቀንሳለን፣ ሎጎውን ያልጨረሰ ደንበኛ እንኳን የውስጥ ቅጠሎቹን ቀድመን ልናትምለት እንችላለን፣ ሽፋኑ ብቻ ይቆያል። ጊዜያዊ ሰራተኛ ነሐሴ 20 ሳይሆን ሐምሌ ላይ ነው የሚገባው፣ እትዬ ለማስተማር ጊዜ ያላት ያኔ ስለሆነ። ጥረዛ ብቻ የሚሰሩ ቤቶችም አሉ፣ ለነሱ ማስወጣት ይቻላል፣ ግን እነሱም ነሐሴ ላይ ያው እንደኛው ስለሆኑ ቦታ የሚያዘው ቀድሞ ነው። ትርፍ ሰዓቱም ዋጋ አለው፣ ቀን ላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በእረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል። ለደንበኛ ዋጋ ሲሰጥ ይሄ ካልታሰበ የካላንደር ትርፍ የተባለው በሙሉ ትርፍ ሰዓት ሆኖ ይወጣል፣ ባለቤቱ ደግሞ መስከረም ላይ "ያን ሁሉ ሰርተን ብሩ የታለ?" ይላል።

ስለ ብር ካነሳሁ አይቀር፣ እቅዱን በብር ብቻ አታውጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ሳምንታት ሳይቆይ 100ን አለፈ። ወረቀቱም ፕሌቱም ቀለሙም ከውጭ ነው፣ በብር ብቻ የተጻፈ እቅድ የነበረው ሰው በበጀት አመቱ ገና በመጀመሪያው ወር እቅድ አልባ ሆኖ ቀረ። ስንት ሪም፣ ስንት ፕሌት፣ ስንት የማሽን ሰዓት፣ ስንት የሰው ሰዓት ተብሎ የተያዘ እቅድ ግን አይፈርስም፣ የዋጋው ዓምድ ላይ ያለውን ቁጥር ትቀይራለህ፣ የቀረው ይቀጥላል። ሽያጭ በብር ሲያድግ ማየትም ያታልላል፣ እጥፍ ሸጥን ብለህ ስትጨፍር የቆረጥከው ወረቀት ካምናው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ፕሮፎርማው ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ወረቀት አቅራቢው "ይሄ ዋጋ ለሶስት ቀን ነው" ይልሃል፣ ደንበኛው ሶስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪወስን ለ60 ቀን የሚጸና ዋጋ ይፈልጋል። መሃል ላይ ያለኸው አንተ ነህ። እኛ ጋ ያለው አሰራር ዋናውን ወረቀት፣ 80 ግራሙንና አርት ፔፐሩን፣ ቢያንስ ለሚቀጥለው ግርግር የሚበቃውን ስቶር ውስጥ ሳናስገባ ረጅም ቀን ያለው ፕሮፎርማ አንሰጥም ነው። ገንዘብ ያስራል፣ አውቃለሁ፣ ስቶሩም ጠባብ ነው። ግን ከዘነበ በኋላ ጣራ ላይ ከመውጣት ይሻላል።

ማቀዱ ይሄን ያህል ነው፣ ማስተዳደሩ ደግሞ የሰኞ ጠዋት ስራ ነው። ዋይት ቦርድ አለን፣ ዲዛይን፣ ፕሌት፣ ህትመት፣ ቆረጣ፣ ጥረዛ፣ ርክክብ የሚሉ ዓምዶች አሉት፣ እያንዳንዱ ስራ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፣ ቦታ ሲቀይር ይነሳል። ስብሰባው በቁማችን ነው፣ ወንበር ካለ ወሬ ይበዛል። "ስራ እንዴት ነው?" አይባልም፣ "ምን ቆሟል፣ ማን ጋ ነው የቆመው?" ነው ጥያቄው። ብዙ ጊዜ የቆመው ማሽን ላይ አይደለም፣ ደንበኛው "ነገ አይቼ አጸድቃለሁ" ብሎ ዲዛይኑን ይዞት የጠፋ ነው። ስለዚህ የርክክብ ቀን የሚቆጠረው ደንበኛው ካጸደቀበት ቀን ጀምሮ ነው የሚል ነገር ውላችን ላይ አስገብተናል፣ ይቺ አንዲት መስመር ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ ጠቅማናለች።

እዚህ ሃገር ስንቱን አይተናል መቼም፣ የስራ ሂደትን ከስሩ እንቀይር የሚለው ቢፒአር መጣ፣ ስራን በነጥብ እንመዝን የሚለው ቢኤስሲ መጣ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከነዚህ ውስጥ እኔ የምወደው የጃፓኖቹን ካይዘን ነው፣ ስራን ትንሽ በትንሽ እያሻሻሉ መሄድ የሚለውን፣ ኢንስቲትዩቱ ከተቋቋመበት ከ2004 ወዲህ ስንቱ ስልጠና ወስዶ ሰርተፊኬቱን አቧራ አስበልቶታል ግን ሃሳቡ ልክ ነው፣ ችግሩ የት እንዳለ የሚያውቀው እዛው የሚሰራው ሰው ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ቢኤስሲው ግን ለኛ አይነት ቤት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ፎርም መሙላት ነው። እኛ የምንቆጥረው ሶስት ነገር ብቻ ነው፣ ስንት ስራ በቀጠሮው ወጣ፣ ስንት ሺት ተበላሸ፣ ጥረዛ በር ላይ የስንት ቀን ስራ ተከምሯል። ሶስተኛው ከአምስት ቀን ካለፈ እኔ አዲስ ካላንደር አልቀበልም፣ ባለቤቱም ቢሆን እኔን ሳያናግር አይቀበልም፣ ቢያንስ ስምምነታችን እንደዛ ነው፣ የሚስቱ ዘመድ ካልመጣ።

አሁን ክርክሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ ለሚቀጥለው አመት ሁለተኛ ማተሚያ ማሽን መግዛት ይፈልጋል፣ ያገለገለ አግኝቷል፣ ፎቶውን ስልኩ ላይ ይዞ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። እኔ ደግሞ ከዛ ዋጋ በጣም ትንሿን ቆንጥረን ኤሌክትሪክ መብሻና አንድ የሽቦ መጭመቂያ እንግዛ፣ ለእትዬም ሁለት ሰው እንጨምርላት እያልኩ ነው፣ ሁለተኛ ማተሚያ ከመጣማ ክምሩ መተላለፊያውን አልፎ ግቢ ነው የሚወጣው። "ደንበኛ መጥቶ ሲያይ መብሻ ምን ያሳምራል?" ይለኛል። እስካሁን አልተስማማንም፣ አርብ ሌላ ስብሰባ አለ፣ እትዬም እንድትገባ ጠይቄያለሁ።