የኤሌክትሮን ዲፖል ፍለጋ፦ ከሌዘሩ ይልቅ ያደከመኝ የሚያመልጠው ኮረንት

ኤሌክትሮን በስፒኑ (በተፈጥሮ ሽክርክሪቱ) አቅጣጫ የተሰለፈ ኤሌክትሪካዊ ዲፖል፣ ማለትም የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጅ መራራቅ፣ ካለው የጊዜ ምልሰት ሲሜትሪ (ጊዜ ወደ ኋላ ቢሄድም የፊዚክስ ሕጎች አይለወጡም የሚለው) ተጥሷል ማለት ነው። ልኬቱን የሠራሁት በይተርቢየም ሞኖፍሎራይድ ሞለኪውል ነው። በሁለት ሳህኖች መካከል 10 ኪሎቮልት በሴንቲሜትር ሲሰጠው፣ በሞለኪውሉ ውስጥ ኤሌክትሮኑ የሚያርፍበት መስክ 14.5 ጊጋቮልት በሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል። ይህን በሳህን ብቻ ማንም አያገኘውም።

ሞለኪውሎቹ የሚፈጠሩት 4 ኬልቪን ገደማ በቀዘቀዘ የመዳብ ሳጥን ውስጥ ነው። የሌዘር ምት ይተርቢየሙን ያተንነዋል፣ እንፋሎቱ ከሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋር ይዋሃዳል፣ ሂሊየም ያቀዘቅዘዋል። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይዱ የሚገባበት ቱቦ መዳቡን ከነካ ጋዙ እዚያው በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ቱቦውን ከመዳቡ ለይቼ በማሞቂያ አሞቀዋለሁ። ቱቦው ደህና ሆኖ ምልክቱ ከቀነሰ ብረቱ ስለተቦረቦረ የሌዘሩን ነጥብ ማዛወር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ይመስላል፦ በ552 ናኖሜትር ሌዘር ማዘጋጀት፣ ሞለኪውሎቹን በሳህኖቹ መሀል ማሳለፍ፣ የፌዝ ለውጡን (ስፒኑ የዞረበትን አንግል) ከፍሎረሰንሱ፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ ከሚሰጡት ብርሃን፣ ማንበብ። ችግሩ ከስሌቱ ይታያል። 10⁻²⁹ ኢ·ሴ.ሜ (የኤሌክትሮን ቻርጅ ሲባዛ በሴንቲሜትር) የሆነ ዲፖል የሚያመጣው የፍሪኩዌንሲ ልዩነት 70 ማይክሮኸርዝ ብቻ ነው። ማግኔታዊ መስክ ደግሞ በናኖቴስላ 28 ኸርዝ ይገፋል። ዲፖሉን የምለየው የኤሌክትሪኩን መስክ እየገለበጥኩ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር አብሮ የሚገለበጥ 2.5 ፌምቶቴስላ ማግኔታዊ መስክ ሐሰተኛ ዲፖል ይፈጥራል። ከሞለኪውሎቹ 5 ሴንቲሜትር በራቀ ቀጥ ያለ ሽቦ የሚያልፍ 1 ናኖአምፒር 4 ፌምቶቴስላ ይሰጣል! በኢንሱሌተር ላይ የቀረ የጣት ቅባት ይህን ያህል ኮረንት እንዲያመልጥ ለማድረግ ይበቃል።

ስለዚህ በሁለቱም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ አሚሜትር አስገባሁ። መሣሪያው ራሱ በኪሎቮልት ላይ ስለሚቀመጥ ንባቡ የሚወጣው በኦፕቲካል ፋይበር ነው። መስኩ እንደተገለበጠ የሚታየው ትልቅ ኮረንት የሳህኖቹ መሙያ ነው፤ እስኪረጋ ካልጠበቁ ከሚያመልጠው ጋር ይቀላቀላል፣ የማግኔት መከላከያውንም ሊያማግኔት ይችላል።

መገልበጫ ማብሪያውን ብቻ አላምንም። በየተወሰነ ጊዜ የቮልቴጅ ገመዶቹን በእጅ አቀያይራለሁ፦ እውነተኛ ዲፖል ምልክቱን (ከመደመር ወደ መቀነስ) ይቀይራል፣ ማብሪያው ራሱ የሚፈጥረው መስክ ግን ባለበት ይቀራል። በውጤቱም ላይ ኮምፒውተሩ እኔ የማላየው ስውር ቁጥር ይደምርበታል፤ በተለይ በ2023 በሃፍኒየም ፍሎራይድ አዮን የተገኘው ከ4.1×10⁻³⁰ ኢ·ሴ.ሜ በታች የሚለው ወሰን እየታወቀ፣ ወደሚጠበቀው ቁጥር ማዘንበል ቀላል ነው። ስውሩ ቁጥር የሚነሳው የስህተቶቹ ዝርዝር ተዘግቶ ካበቃ በኋላ ነው።