በተማሪ አቅም ሞተር ሳይክል መንዳት የጀመርኩበት መንገድ

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ሞተር መንዳት የሚያምረው ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተሩን ዋጋ ነው። እኔ ጉዳዩን ዞር ዞር ብዬ ካጣራሁ በኋላ ይህን ጥያቄ ከሁሉም መጨረሻ አደረግኩት፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ገንዘብ ስላለ ብቻ ሞተር ገዝቶ መንዳት አይቻልም። የከተማው አስተዳደር በሞተር የሚፈጸመው ቅሚያ በበረታበት ጊዜ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ሲያግድ፣ እንደ ፖስታና ዕቃ አድራሽ ያሉ ሥራቸው ያለ ሞተር የማይሆን ተቋማት በፈቃድ እንዲሠሩ በር ትቶላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሞተርና ፈቃድ ተለያይተው አይታዩም። ስለዚህ ለተማሪ የሚያዋጣው፣ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ድርጅት ሞተር ላይ ተቀጥሮ እየሠሩ መልመድ፣ በእጅ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ደግሞ በሥልጠናና በራስ መከላከያ ላይ ማዋል ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረስኩ። ከታች የምጽፈው ይህን ውሳኔ እንዴት እንደፈጸምኩትና በመንገዱ ላይ ምን እንደተማርኩ ነው።

በዚያን ጊዜ ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ገቢዬ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ በማስጠናት የማገኘው ነበር፤ ከዚያም ላይ እየቀነስኩ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እቁብ ገባሁ። ዕጣው ሲወጣልኝ ገንዘቡ ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፣ ለደህና ሄልሜትና ለጓንት የሚበቃ ነበር፤ ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ግን ሩቡም አልሞላም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ልጄ፣ ሞተር እኮ አጥንት አይምርም» አለችኝ። እውነቷን ስለነበር አልተከራከርኳትም፤ ብሩ ከመበተኑ በፊት ሄልሜቱን ቀድሜ እንደምገዛ ቃል ገባሁላት፣ እንዳልኩትም አደረግኩ።

ሄልሜት ላይ መቆጠብ የለበትም የምለው በጭፍን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሳቸው ጥናቶች ሄልሜት ማድረግ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። በተማሪ ገንዘብ ከሚገዛ ነገር ይህን ያህል የሚመልስ ሌላ ምን እንዳለ አላውቅም። መርካቶ ውስጥ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሄልሜቶች በጣም በተራራቀ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ልዩነቱ ያለው ከውጭ በሚያብረቀርቀው ቀለም ሳይሆን ከውስጥ ባለው ጠንካራ ፎም ላይ ነው። የግጭቱን ኃይል የሚውጠው ይህ ፎም ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨመቀ ደግሞ ተመልሶ አይነፋም። በዚህ ምክንያት ምናለሽ ተራ ሌላ ብዙ ነገር በርካሽ ቢገኝም ያገለገለ ሄልሜት ከዚያ እንዲገዛ ማንንም አልመክርም፤ ከዚህ ቀደም ወድቆ እንደሆነ በዓይን አይታወቅምና። ስገዛ የ«ኢሲኢ» ወይም የ«ዲኦቲ» ምልክት (የአውሮፓና የአሜሪካ የሄልሜት ደህንነት ደረጃ) መኖሩን ተመለከትኩ፤ ምልክቱን ግን ማንም አስመስሎ ሊያትመው ስለሚችል በእሱ ብቻ አልተማመንኩም። ማሰሪያውን አጥብቄ ሄልሜቱን ከኋላ ወደ ፊት ገፋሁት፣ ከወለቀ አይሆንም። ግራና ቀኝ ስወዘውዘው የጉንጬ ቆዳ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ሻጩ «ይጠብሃል፣ ሰፋ ያለውን ውሰድ» ቢለኝም ጉንጬን ጠበቅ የሚያደርገውን መረጥኩ፤ ስፖንጁ በአገልግሎት እየላላ እንደሚሄድ አስቀድሜ አንብቤ ነበር።

መንጃ ፈቃዱን በተመለከተ፣ በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሞተር ሳይክል ራሱን የቻለ ምድብ ነው፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ሞተር ላይ መውጣት ዝግጅት አይደለም። ዕድሜ 18 መሙላት ያስፈልጋል፣ የጤና ምርመራ አለ፣ ከዚያ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሥልጠና ይከተላል። በየማሠልጠኛው በር «በአቋራጭ እናስወጣልህ» የሚሉ ደላሎች አይጠፉም። ከገንዘቡ ኪሳራ በላይ የሚያሳዝነኝ፣ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያጣው የሜዳው ልምምድ መሆኑ ነው፤ ለተማሪ ደግሞ በሠለጠነ ሰው ፊት፣ መኪና በሌለበት ሜዳ፣ በሌላ ሰው ሞተር የመለማመድ ዕድል ከዚያ በኋላ አይመጣም።

ከሜዳው ልምምድ ሁሉ ዛሬም በየቀኑ የሚያገለግለኝ ቁጥር 8 ነው። በስምንት ቅርጽ፣ እግር መሬት ሳይነካ በዝግታ መዞር ማለት ነው። ፈጥኖ መሄድ ለማንም ቀላል ነው፤ ሞተር ሚዛኑን በራሱ የሚይዘው ሲፈጥን ነውና። ችግሩ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ሲሆን ነው። አሠልጣኛችን የሚያስተምረን እንዲህ ነበር፤ ቤንዚን መስጫውን በትንሹ ከፍቶ እዚያው መያዝ፣ ፍሪሲዮኑን (የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያገናኘውንና የሚለየውን መያዣ) ሙሉ በሙሉ ሳይለቁ ሞተሩ መሳብ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ማቆየት፣ ፍጥነት ሲበዛ የኋላውን ፍሬን በእግር ነካ ማድረግ። ዓይን ደግሞ ወደ ጎማው ሳይሆን መድረስ ወደሚፈለግበት ቦታ ያያል። «ወደ ድንጋዩ ካየህ ድንጋዩ ላይ ትወጣለህ» ይለን ነበር። አምስት ኪሎ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት በሁለት አውቶቡሶች መካከል ተጣብቆ መንቀሳቀስ ከቁጥር 8 ምንም አይለይም።

ፈቃዱን እንዳገኘሁ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት የከሰዓት ፈረቃ ጠየቅኩ። የመንጃ ፈቃድ፣ የነዋሪነት መታወቂያና ዋስ ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋስ የሆነኝ አጎቴ ነው። ቦክሰር ሞተር ተሰጠኝ። ይህ ዓይነቱ ሞተር መልኩ የሚያስደስት ባይሆንም ለጀማሪ እጅግ የሚስማማ ነው፤ ክብደቱ ቀለል ይላል፣ መለዋወጫው በየቦታው አለ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ነዳጁን የሚሸፍነው ድርጅቱ ስለነበር የእኔ ወጪ የዝናብ ልብስና የምሳ ብቻ ሆነ። በትምህርት ቀን ከአንድ ፈረቃ በላይ ላለመቀበል አስቀድሜ ተስማማሁ፤ የደከመ ሰው ሞተር ላይ መውጣት የለበትም፣ የፈተና ሰሞን ደግሞ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ሰው ደክሟል።

መሀል ከተማ ለጀማሪ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደው ቁልቁለት ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት መያዝን ያስተምራል፤ እስከ ታች ድረስ ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ሲግል መያዙን እንደሚቀንስ ታች ሲደርስ ያየዋል። ከሁሉ በላይ ግን ትኩረት የሚጠይቀው ሚኒባስ ታክሲ ነው። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲል ሞተር ላይ ያለ ሰው አይሰማም፤ ታክሲው ግን በዚያች ቃል ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ስለዚህ የምመለከተው ፍሬቻውን አይደለም። በመስኮት የሚወጣውን የረዳቱን እጅና የፊት ጎማውን አቅጣጫ አያለሁ፤ ጎማው ትንሽ ዞር ካለ ሾፌሩ ወስኗል ማለት ነው። በታክሲ ቀኝ በኩል፣ በበሩና በእግረኛው መንገድ መካከል፣ ክፍት ቦታ ቢኖርም ፈጽሞ አልገባም፤ በሩ ታክሲው ሳይቆም ይከፈታልና።

የፍጥነትን ነገር በስሜት ሳይሆን በስሌት ማየት ይሻላል። አንድ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት በደንብ ቢይዝ ሌላ 6 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ 60 ሲሆን ግን ድምሩ 14 ሜትር የነበረው እጥፍ ሆኖ አያበቃም፤ ወደ 40 ሜትር ይደርሳል፣ ምክንያቱም የፍሬኑ ርቀት በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህም የፊቱን ፍሬን በትክክል ለሚጠቀም ነው። ብዙ ጀማሪ «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ተብሎ ስለተነገረው የኋላውን ብቻ ይረግጣል፤ ሲቆም ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው። የሚገለብጠው በድንገት መጭመቅ ነው። በመጀመሪያ ቀለል አድርጎ፣ ከዚያ እየጨመሩ መያዝ በደረቅ ሜዳ ደጋግሞ መልመድ ይገባል።

ክረምቱ የራሱ ትምህርት አለው። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ከሐምሌው ዶፍ ይልቅ ያስፈራኛል፤ አስፋልቱ ላይ ለወራት የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ አንሥቶ ሳሙና ያደርገዋል። የዜብራ ቀለም፣ የጉድጓድ ብረት ክዳንና ያረጀ ኮብልስቶን ሲረጥቡ በእነሱ ላይ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ፣ ፍሬን ሳይነኩ ማለፍ ያስፈልጋል።

ከድርጅቱ ያገኘሁት ትልቁ ትርፍ ደመወዙ አልነበረም፤ ጋራዡ ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ ነበሩ፤ ሥራ ሲቀንስ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ቁልፍ አቀብላቸው ነበር። አንድ ቀን የያዝኳት ሞተር ወደ እንጦጦ ስትወጣ ታፍና ጥቁር ጭስ ስለበዛባት «ጋሼ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ» አልኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጫፉ በደረቅ ጥላሸት ተሸፍኖ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ስነካው እንደ ከሰል አጠቆረኝ። «አየህ ልጄ፣ ቤንዚን በዝቶባት አየር አንሷታል» አሉኝ። ደህና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ቡናማ እንደሚሆን፣ ከነጣ ደግሞ ቤንዚን እንዳነሰውና እንደሚግል አስረዱኝ። ምክንያቱን በኋላ ከፊዚክስ ትምህርቴ ጋር አገናኘሁት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ከዝቅተኛ ቦታ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይሳሳል፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ግን ይህን አያውቅም። እሳቸው የአየር ማጣሪያውን አውጥተው አራገፉ፣ ካርቡራተሩን አስተካከሉ፣ ሞተሯም ጉልበቷ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር ልገዛ ነው ብሎ አብሬው እንድሄድ የሚጠይቀኝ ጓደኛ ሲኖር የካንዴላ መፍቻ ይዤ እሄዳለሁ። የካቴናውን መላላት በጣት ገፍቶ ማየት፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መተው፣ ከበለጠ ማጥበቅ፤ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋውን የሞተር ዘይት ሳይጠቁር መቀየር፤ የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ መለካት፤ እነዚህን ሁሉ ከእሳቸው ተማርኩ፣ አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ያገለገለ ሞተር ለሚገዛ ሰው ከካንዴላውም በፊት ሊብሬው፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩ፣ ይቀድማል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር በፊደል ደረጃ መመሳሰሉን፣ ቁጥሩ የተፋቀ አለመሆኑን፣ የሻጩ መታወቂያ ከባለቤቱ ስም ጋር መግጠሙን፣ ቦሎው (የዓመታዊ ምርመራ ምልክቱ) መታደሱን ሳያዩ ቀብድ መስጠት አይገባም። ሽያጩም ሕዝቡ ዛሬም ውልና ማስረጃ በሚለው ቢሮ መፈጸም አለበት። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ግን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው፣ ነጂውን አይደለም። እኔ ከደመወዜ ላይ ቀንሼ ለራሴ የአደጋ መድን የገባሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ለአንድ እናት ብቸኛ ልጅ ይህ ትርፍ ወጪ አይመስለኝም።

አሁን የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ፣ ገንዘቡም ቀስ በቀስ ተጠራቅሟል። ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር እያሰብኩ ስለሆነ ስሌቱን ሠርቻለሁ። ባለ 72 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 1.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሞተሩ በኪሎ ሜትር 40 ዋት ሰዓት ቢፈጅ ርቀቱ 36 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለው የእርሳስ (ሊድ አሲድ) ባትሪ ግን በየቀኑ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል፤ ግማሹን ብቻ እንደምጠቀም ካሰብኩ 18 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል፣ ዳገት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ ለሙሉ ፈረቃ አይበቃም። 72 ቮልቱን የሚሰጡት ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አንዳንዳቸው ወደ 7 ኪሎ ስለሚመዝኑ ከሞተሩ አውጥቶ ፎቅ ላይ እያወጡ መሙላትም የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ወጪውን ካንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተካፍለን፣ ሞተሩ በድርጅቱ ፈቃድ ሥር ተመዝግቦ፣ እሱ ጠዋት እኔ ከሰዓት እንድንሠራበት፣ ቀትር ላይም በድርጅቱ ግቢ እንዲሞላ ለኃላፊዎቹ በጽሑፍ ሐሳብ አቅርበናል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በቦክሰሯ እቀጥላለሁ።